ቮልስ ቤንዚን ሲያጥራት፦ ካርቡሬተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

ቮልሴ ዳገት ላይ መቆም የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከፒያሳ ተነስቼ፣ ስድስት ኪሎን አልፌ፣ ሽሮ ሜዳ እስክደርስ ምንም አትልም። ወደ እንጦጦ መውጣት ስትጀምር ግን መጀመሪያ ጉልበት ታጣለች። ቀጥሎ ትንተፋተፋለች። ነዳጅ ስረግጥ ይብስባታል። በመጨረሻም ቀስ ብላ ትጠፋለች። ዳር ይዤ አሥር ደቂቃ ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሄዳለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የሞተሩን ክዳን ሳይከፍት «ካርቡሬተር ነው» አለኝ፤ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ክፍል ማለቱ ነው። ካርቡሬተሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ቱቦዎቹ በአየር ተነፉ፣ ተገጠመ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች። በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ ቆመች። ሌላ ጋራዥ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ አስገዛኝ። ያው ሆነ። ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ተቀየረ። ያው ሆነ። ችግሩን በመጨረሻ ያገኘሁት በአንድ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስና በአንድ ክንድ በማይሞላ የጎማ ቱቦ ነው። ጥፋቱ ካርቡሬተሩም ፓምፑም ጋ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያን ሁሉ ብር እንዳያወጣ ብዬ ነው። ነገሩ ሲታይ ከባድ ይመስላል እንጂ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ቤንዚኑ እዚህ ቦታ ይደርሳል? የሚደርስ ከሆነስ ይበቃል? ይህንኑ ጥያቄ ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ በየጣቢያው መድገም ነው። የቆመበት ቦታ ላይ በሽታው አለ። ከዚያ በፊት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ግምት ነው።

ቮልስ ስል ፈረንጆች ጥንዚዛ የሚሏትን፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ታንኳ ከፊት የሆነውን ማለቴ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና እሷ ስለነበረች አገራችን ውስጥ ስሟን የማያውቅ ሰው የለም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ካለው ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጅ 2003 ነው። የእኔዋ በፈረንጅ 1966 የተሠራች ባለ 1300 ናት። እዚህ የምለው አብዛኛው ነገር ግን ለፔጆ 404ም፣ ለድሮ ፊያትም፣ ለላዳም ይሠራል።

ቤንዚኑ የሚሄድበት መንገድ

ታንኩ፣ ጋራዥ ሰልባትዮ የሚሉት፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። 40 ሊትር ያህል ይይዛል። ቤንዚኑ ከግርጌው በወንፊት ያልፍና በአጭር የጎማ ቱቦ ወደ ቀጭን የብረት ቱቦ ይገባል። የብረት ቱቦው በመኪናዋ ወለል መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ኋላ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ አጠገብ ብቅ ይላል። እዚያ እንደገና የጎማ ቱቦ አለ። ከዚያ የሞተሩን ፊት የሸፈነውን ላሜራ አልፎ ፓምፑ ጋ ይደርሳል። ከፓምፑ ደግሞ በአጭር ቱቦ ካርቡሬተር ይገባል።

ይህ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለው የሚመጠጥ ነው። ከፓምፕ እስከ ካርቡሬተር ያለው የሚገፋ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ብዙ መካኒክ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በሚገፋው በኩል ቱቦ ከተሰነጠቀ ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ ታዩታላችሁ፣ ይሸታችኋል። በሚመጠጠው በኩል የተሰነጠቀ ግን አንዲት ጠብታ ላያወጣ ይችላል። ቤንዚን በማውጣት ፋንታ አየር ያስገባል። ፓምፑ ደግሞ ከቤንዚን ይልቅ አየር መሳብ ይቀለዋል። ስለዚህ «ምንም አያፈስም፣ ቱቦው ደህና ነው» የሚባለው ነገር ለግማሹ መንገድ አይሠራም።

ሌላም አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲቆም የሚፈልገው ቤንዚን እጅግ ትንሽ ነው። በሰዓት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። አንድ የቡና ሲኒ ቤንዚን ለመጨረስ አራት አምስት ደቂቃ ይወስድበታል። ዳገት ላይ ነዳጁ እስከ ታች ተረግጦ ግን በደቂቃ ሦስት ሲኒ ያህል ሊጠጣ ይችላል። ጋራዥ በር ላይ ቆማ «ይኸው፣ እንደ ሰዓት ትመታለች» ስትባሉ ይህን አስታውሱ። እዚያ ቆማ መሥራቷ ዳገቱን ለመውጣት የሚበቃ ቤንዚን እንደምታገኝ አያረጋግጥም።

መጀመሪያ ስለ እሳት

ፍተሻውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን ሳታልፉ አንብቡ። የቮልስ ሞተር ዋና አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ በደንብ ከተቀጣጠለ ውኃ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ላይ፣ ሞተሩ በርዶ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ ይሁን። ብዙ ጋራዥ በር ላይ ቡና ይፈላል። ከሰሉ ከእናንተ ራቅ ይበል። የሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሥራ በሌለበት ሙከራ ሁሉ የባትሪውን አንድ ገመድ ንቀሉ።

አንድ የማይወደድ ልማድም አለ። አልነሳ ያለን መኪና በጠርሙስ ክዳን ቤንዚን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አፍስሶ ማስነሳት። ሞተሩ ወደ ላይ ከተኮሰ እሳቱ የሚወጣው ፊታችሁ ላይ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ያንኑ መልስ ያለ አደጋ የሚሰጥ መንገድ አለ፤ እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

በርግጥ የቤንዚን ችግር ነው?

ሞተር የሚጠፋው በሁለት ዓይነት አኳኋን ነው። እሳት ሲቆረጥበት፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ ሲያጣ፣ እንደ መብራት ማብሪያ ድርግም ይላል። አሁን ነበረ፣ አሁን የለም። ቤንዚን ሲያጥረው ግን ይለምናል። ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ይጠፋል። የእኔዋ የምታሳየው ሁለተኛውን ነበር። ይህን ያኔ ባውቅ ቦቢና አልገዛም ነበር።

እንደጠፋች ወዲያው ሁለት ነገር ማየት ይቻላል። አንደኛው ካንዴላ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከቆየ በኋላ አንዱን ካንዴላ ፈትታችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚን አለ፤ ጥያቄው ወደ እሳቱ ወይም ወደ ብዛቱ ይዞራል።

ሁለተኛው የበለጠ ቀላል ነው፤ ጠፍታ በቆመችበት ቅጽበት ይሠራል። የአየር ማጣሪያውን አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ወደ ታች እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከአንዲት ቀጭን የነሐስ ቧንቧ ቤንዚን ጭርር ማለት አለበት። ካለ፣ የካርቡሬተሩ ሳህን፣ ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት ክፍል፣ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ ሳህኑ ባዶ ነው። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ብትሞክሩት ግን አይጠቅማችሁም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ራሱን ሊያስተካክል ይችላል። ወዲያው ነው መታየት ያለበት። የእኔዋ እንጦጦ ዳገት ላይ ስትቆም ይህን ሞከርኩ። ቧንቧዋ ደረቅ ነበረች።

በጣም ቀላሉን ደግሞ መርሳት አይገባም። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ? ከፈረንጅ 1962 ሞዴል ወዲህ ያሉት ቮልሶች መለኪያ አላቸው። ግን ስልሳ ዓመት የሞላው መለኪያ ሲነክስ የቆመበት ላይ ይቀራል። ንጹሕ የእንጨት ዘንግ አስገብታችሁ ለኩ። ከ1962 በፊት የነበሩት ቮልሶች መለኪያ የላቸውም። እግር ሥር ባለች መዝጊያ ወደ መጠባበቂያ ይዞሩ ነበር፣ አምስት ሊትር ገደማ ነው። ያቺ መዝጊያ በእግር ተነክታ ግማሽ ላይ ከቆመች መንገዱን ታጠባለች።

ከጣቢያ ጣቢያ

ከሞተሩ በኩል ልጀምር። የካርቡሬተሩን ቱቦ ንቀሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ቦቢናው ላይ ከቁልፍ መክፈቻው የሚመጣውን ገመድ ንቀሉ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዙር። ቤንዚኑ በምት በምት፣ እንደ ልብ ትርታ፣ ጠርሙሱ ውስጥ መርጨት አለበት። ጠንካራ ምት ከታየ ፓምፑም ከታንኩ እስከ እሱ ያለውም መንገድ ቢያንስ ለጊዜው ይሠራል። ፋብሪካው ከዚህ ፓምፕ የሚጠብቀው በከፍተኛ ዙር በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት የሚፈልገው የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ፓምፑ ትንሽ ቢዳከም ላይታወቅ ይችላል፤ በጣም ሲደክም ግን ዳገት ላይ ይታያል።

የማይመታ ከሆነ ፓምፑን ለመጣል አትቸኩሉ። የሚመጠጠውን ቱቦ ከፓምፑ ነቅላችሁ ንጹሕ ቤንዚን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ በሌላ አጭር ቱቦ አገናኙት። እንደገና አዙሩ። ከጠርሙሱ እየሳበ አሁን ከመታ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከእሱ በፊት፣ በታንኩ በኩል ነው። አሁንም ካልመታ ፓምፑ ነው፣ ወይም የሚነዳው ዘንግ።

ስለ ዘንጉ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አዲስ ፓምፕ የገዛ ሁሉ እዚህ ሊወድቅ ይችላል። ፓምፑን የሚገፋው ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣ የብረት ዘንግ ነው። ዲናሞ ላላቸው የድሮ ሞተሮች ርዝመቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላ ላይ አልተርኔተር ሲመጣ የፓምፑ ቅርጽ ተለወጠና ዘንጉ 100 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንዱን ከሌላው ጋር ካጋባችሁ አጭሩ ዘንግ ፓምፑን አያስመታውም፣ ረጅሙ ደግሞ ሊሰብረው ይችላል። በትክክል ሲገጠም ዘንጉ ከፍ ባለበት ሰዓት ከመቀመጫው 13 ሚሊ ሜትር ብቅ ይላል። የሚስተካከለው ከሥር የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ በመጨመርና በመቀነስ ነው። ፓምፑ ሥር ያለችው የፕላስቲክ መቀመጫ ከተሰበረች ደግሞ ዘንጉ ሞተር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስትፈቱ በቀስታ።

ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ወደ ታንኩ እንሂድ። መኪናዋ ሥር፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለውን የጎማ ቱቦ ንቀሉ። ታንኩ ከዚህ ቦታ ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። ዓይን የሚሸፍን መነጽር አድርጉ፣ ቱቦውን የምታንቁበት ፒንሳም ይዘጋጅ። ጠርሙሱን ደቅኑና ተመልከቱ። ጥሩ መንገድ ሳይቆራረጥ ይፈሳል። መፍሰሱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ሊትሩ እስኪሞላ ጠብቁ።

የእኔዋ መጀመሪያ ላይ እንደ ጤነኛ ፈሰሰች። ሁለተኛ ጋራዥ የነበረው መካኒክም እስከዚህ ድረስ አይቶ ነው «ታንኩ ደህና ነው» ያለኝ። ጠርሙሱ ግማሽ ሲደርስ ግን ፍሰቱ ቀጠነ። ክር ሆነ። ከዚያ ጠብ ጠብ አለ። ዘግቼ ትንሽ ጠብቄ ስከፍተው እንደገና በደንብ ፈሰሰ። እንጦጦ ላይ የምታደርገውን ነገር በትክክል ጠርሙስ ውስጥ አሳየችኝ።

ሦስቱ ተመሳሳይ በሽታዎች

ጥቂት ሄዶ መቆም፣ አርፎ መነሳት። ይህን ጠባይ የሚያመጡ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። መፍትሔያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። መካኒክ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድ።

የመጀመሪያው የታንኩ መተንፈሻ መዘጋት ነው። ቤንዚን ከታንኩ ሲወጣ ቦታውን የሚሞላ አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው እንደ መኪናዋ ዓመት በክዳኑ ወይም በቀጭን ቱቦ ነው። ያ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ፣ ወይም የሌላ መኪና ክዳን ከተገጠመ፣ ታንኩ ውስጥ አየሩ ይሳሳል፤ ታንኩ ቤንዚኑን መልሶ ይይዘዋል። መኪናዋ ቆማ ስትቆይ አየር በየስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ይለቀዋል። ይህን መለየት ቀላል ነው። እንደቆመች ወዲያው የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ፉጨት ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሳች አገኛችሁት። መፍትሔው መርፌ የምታህል ቀዳዳ ማጽዳት ነው። እኔም መጀመሪያ የተመኘሁት ይህን ነበር። ክዳኑን ስከፍት ግን ምንም ድምፅ አልነበረም።

ሁለተኛው የቤንዚን መፍላት ነው። የቮልስ ፓምፕ የተቀመጠው ራሱ ሞተሩ ላይ ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ያገኘዋል። ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ወደ ተን ሲለወጥ ፓምፑ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ምክንያቱን ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ እህል ቶሎ አይበስልም። ቤንዚንም እንዲሁ ከታች አገር ይልቅ በትንሽ ሙቀት ይተናል። እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ቦታ ደግሞ ሁለቱንም ያመጣል፤ ከታች ሙቀቱ አለ፣ ከዚያ ረጅሙን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸች ትወጣለች።

የዚህ ምልክቱ ሙቀትን መከተሉ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት አይታይም። ሞቃ ቆማ፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ አልነሳ ማለትም የእሱ ጠባይ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ቆሞ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ። ለማረጋገጥ ውኃ የነካ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ አድርጉ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ከተነሳች ጥርጣሬው ይጠናከራል። የቮልስ ባለቤት ከሆናችሁ ግን ፓምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ላሜራና የጎማ ማተሚያ እዩ። ፋብሪካው ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ካለው ትኩስ አየር በእነሱ ለይቶታል። በስልሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ጋራዥ አንዱን ላሜራ፣ ሌላው ሌላውን «አያስፈልግም» እያለ ጥሎታል። ያስፈልጋል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የተፋው ሙቀት ተመልሶ ሞተሩን እንዳያቃጥል የሚከላከለው እሱ ነው።

የእኔዋ ግን በቀዝቃዛ ጠዋትም ቆማ ታውቃለች። ስለዚህ ይህም አልሆነም።

ሦስተኛው ታንክ ውስጥ ያለ ዝገትና ቆሻሻ ነው። ዝገቱ ደቃቅ ነው፤ እንደ ቡና አተላ። ሞተሩ ትንሽ ሲጠጣ ግርጌ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ዳገት ላይ ፍሰቱ ሲበረታ ከቤንዚኑ ጋር ተጎትቶ ወንፊቱን ይለብሰዋል። መንገዱ ይዘጋል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚጎትተው ኃይል ይቆማልና ዝገቱ ከወንፊቱ ተላቅቆ ተመልሶ ይተኛል። መንገዱ ተከፈተ። አሥር ደቂቃ ጠብቆ ማስነሳት የሚሠራው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሁለት ቀን እንዴት እንዳሻላትም ያኔ ገባኝ። ካርቡሬተር ማጠቡ አልነበረም ያሻላት። ቱቦውን በኮምፕሬሰር ሲነፋው ዝገቱን ከወንፊቱ ላይ ገፍቶ ታንኩ ውስጥ መለሰው። ተመልሶ እስኪሰበሰብ ሁለት ቀን ፈጀ። ጥገናው የተሳካ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ለዚህም ነው አደገኛው። የተሻለው ነገር ለምን እንደተሻለ ሳይጠየቅ ቀረ።

ዝገቱ ከየት መጣ? ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ገዝቼ ቀድቻለሁ። ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ዕቃው ውስጥ የነበረ ውኃ አብሮ ይገባል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ግርጌ ይተኛል፣ ላሜራውንም ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያም መኪናዋን ክረምቱን ሙሉ በግማሽ ታንክ አቁሜያት ነበር። ባዶው ግማሽ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ሌሊት ወደ ጠብታ ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ የምትቆም መኪና ታንኳ ቢሞላ ይሻላታል። የተጠራጠራችሁትን ቤንዚን በመስታወት ጠርሙስ አድርጋችሁ አሳድሩት። ውኃ ካለበት ጠዋት ከሥር በግልጽ መስመር ተለይቶ ታገኙታላችሁ።

ከመጠን በላይ ሲሆን

እጥረት ብቻ አይደለም ችግሩ። ብዛትም አለ። የዚህ ፓምፕ ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ነው፣ የመኪና ጎማ አየር አንድ አሥረኛ ያህል። የካርቡሬተሩ ሳህን ላይ ያለችው መርፌ ይህን ታህል ግፊት እንድትይዝ ነው የተሠራችው። ከገበያ የሚገዛ አንዳንድ አዲስ ፓምፕ ከዚህ በላይ ይገፋል። መርፌዋ ትሸነፋለች። ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ቤንዚን የምትበላ መኪና። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ሥር አንድ ሁለት ጓርኒሲዮን መጨመር ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለና ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ካለ መኪናዋን አታስነሱ። ወይ የፓምፑ ውስጠኛ ሽፋን ተቀዷል፣ ወይ ካርቡሬተሩ እየሞላ ነው። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለባሕር ጠለል የተለካ ካርቡሬተር ትንሽ ቤንዚን ማብዛቱ አይቀርም። ልክ የሆነ ካንዴላ የተቆላ ቡና ፈዘዝ ያለ ቀለም አለው። ከጠቆረ ጂግለሩን፣ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ፣ በትንሹ ወደሚያንሰው መቀየር ይቻላል። ይህ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። መንገዱ ሳይስተካከል ጂግለር የሚቀይር ሰው በሽታውን ይደብቀዋል።

ቱቦዎቹ

የጎማ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ። አምስት ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው፣ ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። የውኃ ቱቦ በጥቂት ወራት ይለሰልስና ይሰነጠቃል። ኢታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ደግሞ ለድሮ ጎማ አይመችም። ቱቦውን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካሳየ አልቋል።

ሁለት ቦታ በተለይ ይታይ። አንደኛው ቤንዚኑ የሞተሩን ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። እዚያ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት። ከሌለ ላሜራው እንደ መጋዝ ቱቦውን ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ካርቡሬተሩ ላይ ቱቦው የሚሰካበት የነሐስ ቧንቧ ነው። በግፊት ብቻ የገባ ስለሆነ በዓመታት ይላላል። በእጃችሁ አወዛውዙት። ከተነቃነቀ መኪናዋ አትነዳ። ቤንዚኑ የሚረጨው በቀጥታ የእሳት ገመዶቹ ላይ ነው። ያቺን የምታምር የፕላስቲክ ፊልትሮም ሞተሩ ላይ አንጠልጥለው የሚገጥሙ አሉ። አልስማማም። ክብደቷ ቱቦውን ይጎትታል። ሥር፣ ካምቢዮው አጠገብ ብትሆን ሥራዋን ትሠራለች፤ ከእሳቱም ትርቃለች። ግልጽ ስለሆነች አረፋ ካያችሁባት፣ ያ የሚመጠጠው ቱቦ አየር እያስገባ መሆኑን ትነግራችኋለች።

የእኔን ታንክ አወረድነው። አራት ብሎን ነው የያዘው። ከግርጌው ያወጣነው ዝቃጭ አንድ ሲኒ ይሞላል፣ ቀለሙ እንደ በርበሬ። ታንክ ስታጥቡ ንጹሕ ጠጠር ከውኃና ከሳሙና ጋር አስገብቶ ማናወጥ ይሠራል፤ ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው መድረቅ አለበት። የተበሳ ከሆነ ባዶ ነው ብላችሁ ብየዳ አታስነኩት። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ተን ከሙሉ ታንክ ይልቅ ይፈነዳል። ይህን ሥራ ለሚያውቀው ሰው ስጡት።

ወንፊቱን ቀየርን። የብረት ቱቦውን ጎሚስታ ጋ ወስደን፣ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለን፣ ከኋላ ወደ ፊት በአየር ነፋነው። የጎማ ቱቦዎቹንም በአዲስ ተካን። ከዚያ ያንኑ ጠርሙስ ካምቢዮው ሥር ደቀንኩ። ሊትሩ እስኪሞላ ፍሰቱ አልቀጠነም። ሁለተኛ ሞላሁት። አልቀጠነም። በማግስቱ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ጀምሬ ነዳጁን ረግጬ ወጣሁ። ስትቆምበት የነበረውን ቦታ አልፌ፣ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ሞተሩን አጥፍቼ ካንዴላውን ፈታሁ። ፈዘዝ ያለ ቡና ነው።